ትልቁ ሰዓት ለማን ክንድ ነው?
ባለ ጂ.ፒ.ኤስ. የእጅ ሰዓትን መጠን ስለ መምረጥ የቀረበ ሒስ

አንድ የጥናት መሣሪያ ሊገዛ ሲታሰብ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ስንት ነው፣ ምንስ ይሠራል የሚለው ነው። ማን ይይዘዋል የሚለው ጥያቄ ግን ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ ሳይነሣ ይቀራል። ይህ ጽሑፍ የዚህን ጥያቄ መዘግየት ለመንቀፍ የተዘጋጀ ነው። ነቀፌታውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው በእኛው በራሳችን ላይ መሆኑን ከመነሻው እንገልጻለን።

እኛ በዲላ የምንማር ጥቂት ተማሪዎች በጌዴኦ ዞን የገጠር ሰው በየቀኑ የሚመላለስባቸውን የእግር መንገዶች ለመለካትና በካርታ ላይ ለማስፈር ተነሥተን ነበር። ለዚህም ገንዘብ አዋጥተን፣ ለልዩ ልዩ ስፖርት የተሠራ አንድ ባለ ጂ.ፒ.ኤስ. የእጅ ሰዓት ከውጭ አገር በሚመጣ ዘመድ እጅ ለማስመጣት ተስማማን። በእጅ ስልክ መለካት አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ነገር ግን በዳገትና በጭቃ ላይ ሁለት እጁን የሚፈልግ ሰው ስልክ ይዞ መሄድ ይቸግረዋል፤ ዝናብም ሲመጣ ስልኩን ወደ ኪሱ ይከታል፤ የስልኩም ባትሪ ቀኑን ሙሉ ከሳተላይት ጋር ሲሠራ ቶሎ ያልቃል። የእጅ ሰዓት ግን ክንድ ላይ ታስሮ ይውላል። ስለዚህ በሰዓቱ ላይ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ የተነሣው በመጠኑ ላይ ነው።

፩. መሣሪያውና ሦስቱ መጠኖች

የመረጥነው ጋርሚን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ያወጣው ፌኒክስ 7 የሚባለው ነው። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ፌኒክስ 8 ወጥቷል፤ እርሱም በ43፣ በ47 እና በ51 ሚሊ ሜትር ስለሚሠራ ከዚህ በታች የምንለው ነገር በመሠረቱ ለእርሱም ይሆናል። እኛ የቀደመውን የመረጥነው አዲሱ ሲወጣ የአሮጌው ዋጋ ይቀንሳል ብለን ነው። ብራችን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ወዲህ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ለተማሪ ምን ያህል እንደሚከብድ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገንም።

ፌኒክስ 7 በሦስት መጠን ይሠራል። ትንሹ ፌኒክስ 7 ኤስ ሲሆን የሰሌዳው ስፋት 42 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 63 ግራም ነው። መካከለኛው ፌኒክስ 7 ስፋቱ 47 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 79 ግራም ነው። ትልቁ ፌኒክስ 7 ኤክስ ስፋቱ 51 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 96 ግራም ነው። እነዚህ ክብደቶች የብረት አካል ያላቸው ናቸው፤ በታይታኒየም የተሠሩት ቀለል ይላሉ። የማሰሪያቸው ስፋት በቅደም ተከተል 20፣ 22 እና 26 ሚሊ ሜትር ነው። ሲወጡ ትንሹና መካከለኛው እያንዳንዳቸው ከ699 ዶላር ከ99 ሳንቲም ጀምሮ ይሸጡ ነበር፤ ትልቁ ግን የፀሐይ ብርሃን መቀበያ ካለው ዓይነት በቀር ስላልተሠራለት ከ899 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይጀምር ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት በባትሪው ነው። በጂ.ፒ.ኤስ. ብቻ ያለማቋረጥ ሲለካ ትንሹ 37፣ መካከለኛው 57፣ ትልቁ 89 ሰዓት ያህል እንደሚቆይ አምራቹ ይገልጻል። ከጂ.ፒ.ኤስ. ሌላ የሩሲያውንና የአውሮፓውን የመሰሉ የሳተላይት ሥርዓቶች አብረው ሲሠሩ ግን ቁጥሩ ወደ 26፣ 40 እና 63 ሰዓት ይወርዳል።

ይህን ሠንጠረዥ አይቶ ትልቁን የማይመርጥ ሰው ጥቂት ነው። እኛም ትልቁን መረጥን። ድምፅ በተሰጠበት ቀን ከሁለት ሴቶች አባሎቻችን በቀር የተቃወመ አልነበረም፤ የእነርሱንም ተቃውሞ «ከብዷቸው ነው፣ ይለምዱታል» ብለን አለፍነው። ይህን ቃል እዚህ የምንጽፈው እንዳይረሳብን ነው።

፪. መጠን የሚለውጠው ነገር

በመጀመሪያ የባትሪውን ነገር በአገራችን ሁኔታ እንመርምረው። ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሞያሌው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ቡሌ ደጋ ሲወጣ ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። በደጋው ቀበሌዎች አድሮ የሚያጠና ተማሪ መብራት አገኛለሁ ብሎ መተማመን ስለማይችል ባትሪ የሚቆይለት መሣሪያ ቢመኝ አይፈረድበትም። ሦስት ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት ቢለካ 24 ሰዓት ይሆናል። ትንሹ ሰዓት በጂ.ፒ.ኤስ. ብቻ ቢሠራ 13 ሰዓት ይተርፈዋል፤ ሁሉም የሳተላይት ሥርዓቶች ቢከፈቱ ግን የሚተርፈው 2 ሰዓት ብቻ ነው። ባትሪ ሲያረጅም ይህች ትርፍ ትጠፋለች። እዚህ ላይ የትልቁ ሰዓት ደጋፊዎች እውነት ይዘዋል፤ አንክድም።

ትልቁ ሰዓት ከፀሐይ ብርሃን ኀይል ያገኛል የተባለው ግን በጌዴኦ ምድር ሲታይ ሌላ ነው። አምራቹ በፀሐይ የሚገኘውን ተጨማሪ ጊዜ ለዕለት ተዕለት አጠቃቀም ያሰላው ሰዓቱ በየቀኑ 3 ሰዓት ያህል 50,000 ሉክስ በሚደርስ ብርሃን ውስጥ ይውላል በሚል ግምት ነው። ይህ በጠራ ሰማይ ሥር፣ በሜዳ ላይ ለሚሮጥ ሰው ይሆናል። የጌዴኦ ገበሬ ግን እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ከበላያቸውም ዋንዛውንና ብርብራውን በአንድ ማሳ ላይ ደራርቦ ያበቅላል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም በዚህ የኑሮ ጥበብ ጭምር ነው። የእግር መንገዱ በዚህ ጥላ ሥር ስለሚሄድ፣ ከሰፊው የእንሰት ቅጠል በታች የሚያልፍ ክንድ ብዙ ፀሐይ አያይም። ለቡናው የሚበጀው ጥላ ለሰዓቱ ጾም ነው። ስለዚህ በ200 ዶላር ብልጫ የሚገዛው የፀሐይ ኀይል በዚህ አገር ከሚጠበቀው በጣም ጥቂቱን ብቻ ይሰጣል።

ሁለተኛው ገጹ ነው። የትንሹ ገጽ 1.2 ኢንች፣ የመካከለኛው 1.3፣ የትልቁ 1.4 ኢንች ነው። በገጹ ላይ የሚበሩት ነጥቦች በጎንና በቁመት 240፣ 260 እና 280 ናቸው። እነዚህን ብናካፍል በሦስቱም ላይ በአንድ ኢንች ውስጥ 200 ነጥብ ይገኛል። ይህ ማለት ትልቁ ሰዓት የበለጠ የጠራ ጽሕፈት የለውም፤ ያለው የበለጠ ቦታ ነው። የገጹ ስፋት ከትንሹ በ36 ከመቶ ይበልጣል። ካርታ እያየ ለሚሄድ ሰው ይህ ጥቅም ነው፤ ዐይኑ ለደከመም እንዲሁ። የእኛ ሥራ ግን መንገድ መመዝገብ እንጂ በሰዓቱ ካርታ እየተመሩ መሄድ አይደለም። መንገዱን የሚያውቀው መሪያችን ገበሬው ነው።

ሦስተኛው ክብደቱና በክንድ ላይ መቀመጡ ነው። አምራቹ ትንሹ ሰዓት ዙሪያው ከ108 እስከ 182፣ ትልቁ ከ127 እስከ 210 ሚሊ ሜትር ለሆነ የእጅ አንጓ ይስማማል ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ከ127 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ክንድ ሁሉ ትልቁን መልበስ ይችላል ብሎ ይደመድማል። እኛም እንዲህ ብለን ነበር። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ማሰሪያው ርዝመት ነው፤ ስለ ሰሌዳው መቀመጫ አይናገርም። ዙሪያው 150 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ክንድ የላይኛው ገጹ ስፋት በግምት ከ50 እስከ 55 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ላይ 51 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ሲቀመጥ ከዳር እስከ ዳር ይይዘዋል፤ ጠርዙ በክንዱ ክብ ላይ ስለሚንጠለጠል ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል።

ይህ ክፍተት የመመቸት ነገር ብቻ አይደለም። የልብ ምትን የሚለካው ክፍል በሰዓቱ ሆድ ላይ ተቀምጦ በቆዳ ላይ ብርሃን እየፈነጠቀ የደሙን መውጣትና መውረድ ያያል። ሰሌዳው ከቆዳው ከተለየ የውጭ ብርሃን ይገባበታል፤ ሰዓቱ ከተወዛወዘም የእርምጃውን ምት ከልብ ምት ጋር ያደባልቃል። አጥብቀን እንሰረው ብንል ደም ይዘጋል፣ ቆዳ ይልጣል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ተስተካክሎ ያልተቀመጠ ነገር በማጥበቅ ብዛት አይጸናም።

ስለ ማሰሪያውም አንድ ቃል እንጨምር። ማሰሪያ ይበጠሳል። የ20 እና የ22 ሚሊ ሜትር ማሰሪያ በብዙ ሰዓቶች ላይ የሚገባ የተለመደ ልክ ነው፤ የ26 ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። በገጠር ለሚሠራ ሰው በቅርብ የሚጠገን ዕቃ ከማይጠገነው ይሻለዋል።

፫. መጠን የማይለውጠው ነገር

በክርክራችን መካከል «ትልቁ በትክክል ይለካል» የሚል ቃል ደጋግሞ ይሰማ ነበር። ይህ መሠረት የለውም። ጂ.ፒ.ኤስ. 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች የሚመጣውን የጊዜ ምልክት ተቀብሎ ርቀቱን በማስላት ቦታን ያገኛል። በሦስቱም መጠን ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ክፍል አንድ ዓይነት ነው። ምልክቱን በሁለት የሞገድ ልክ መቀበል የሚችለውና በዛፍ ሥር የተሻለ የሚሠራው ዓይነትም የሚለየው በመስታወቱ ዓይነትና በዋጋው እንጂ በመጠኑ አይደለም፤ ባለ ሳፋየር መስታወት የሆነው በትንሹም በትልቁም አለ። በጥቅጥቅ ቅጠልና በገደል ሥር ምልክቱ ሲደክም ወይም ሲያንጸባርቅ የትልቁ ሰዓት መስመርም እንደ ትንሹ ይጣመማል።

ዳገትን በሚመለከትም ሁሉም እኩል ናቸው። ሰዓቱ እንዳለ ከተተወ ርቀትን የሚቆጥረው ከላይ እንደሚታይ በአግድም ነው። 30 ዲግሪ በሆነ ዳገት ላይ 100 ሜትር የተራመደ ሰው በአግድም የሄደው 86.6 ሜትር፣ የወጣው 50 ሜትር ነው። እንዲህ ባለ ቁልቁለት 2 ኪሎ ሜትር ተመላልሶ ውኃ የሚቀዳ ሰው በካርታ ላይ 1,732 ሜትር ብቻ እንደ ሄደ ይጻፍለታል፤ የቀረው 268 ሜትር ድካም ያለ ምስክር ይቀራል። ይህን ለማረም ከፍታውን ጨምሮ የሚያሰላውን ምርጫ በሰዓቱ ውስጥ ከፍቶ መነሣት ያስፈልጋል። እኛ ይህን ያወቅነው ሥራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ከፍታው የሚለካው በአየር ግፊት ነው። በእኛ ከፍታ ግፊቱ በ1 ሄክቶ ፓስካል ሲወርድ ሰዓቱ 10 ሜትር ያህል ወጣሁ ይላል። በምድር ወገብ አቅራቢያ ደግሞ የአየር ግፊት በየቀኑ በራሱ ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ ይላል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ ሰው ከቤቱ ደጅ ሳይነቃነቅ ቢውል እንኳ ሰዓቱ 20 ሜትር ያህል ተራራ ሊያስወጣው ይችላል። መድኀኒቱ ከፍታው በሚታወቅ ቦታ ጀምሮ እዚያው ቦታ ላይ መጨረስና ልዩነቱን ማካፈል ነው። ይህም ጥንቃቄ እንጂ ትልቅ ሰሌዳ አይጠይቅም።

የቀን አቆጣጠሩም ነገር አለ። ሰዓቱ ከመንፈቀ ሌሊት ይቆጥራል፤ የሚያነጋግረን ገበሬ ግን ከንጋት። እርሱ «አንድ ሰዓት ላይ ተነሣሁ» ሲለን መዝገቡ 7 ይላል። በማስታወሻችን ላይ ሁለቱን ሳንለይ የጻፍንባቸው ቀኖች ስለነበሩ ማን ማለዳ፣ ማን ቀትር ላይ እንደ ተጓዘ ለማወቅ እንደገና መሄድ ግድ ሆኖብናል። ይህን ጥፋት የትኛውም መጠን አያድንም።

፬. ስሕተታችን

ሰዓቱን ከማስመጣታችን በፊት ባለ 51 ሚሊ ሜትሩን ከአንድ የሚያውቀን ሰው ተውሰን ለሙከራ ወጣን። ይህን ማድረጋችን በጎ ነበር፤ ያዳነንም እርሱ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ሰዓቱን ያሰረችው ከሴቶቹ አባሎቻችን አንዷ ነበረች። ከቡና ለቃሚዎች ጋር እየሄደች የተለቀመውን እሸት ቡና በጀርባዋ ተሸክማ ትለካለች ተብሎ ተወስኖ ነበር፤ ከጭነት ጋር የሚሄድ ሰው መንገድ ያለ ጭነት ከሚሄድ ሰው መንገድ ይለያልና። ሸክም በጀርባ የያዘ ሰው ገመዱን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ይዞ አንጓውን ያጥፋል። አንጓው ሲታጠፍ የትልቁ ሰዓት ጠርዝና መጫኛ ቁልፉ የእጇን ጀርባ ይወጋት ጀመር። ቁልፉም በዚያው እየተጫነ ምዝገባውን ደጋግሞ አቆመው። ከሥሩ ጨርቅ ብታደርግበት የልብ ምቱ ጠፋ። በመጨረሻ ፈትታ ከቦርሳ ማንገቻ ላይ አሰረችው፤ ከቀትር በኋላም ለወንዶቹ ሰጠችን።

ከዚያ ወዲያ በቀሩት ቀኖች ሰዓቱን ያሰርነው እኛ ወንዶቹ ነበርን። ማንም አላዘዘም፤ ነገሩ እንዲሁ ሆነ። እኛም የሄድነው ሰው ወደሚጠራን ነው፤ ወደ ገበያ፣ ወደ መኪና መንገድ፣ ሽማግሌዎች ወደሚሰበሰቡበት ሶንጎ፣ ትክል ድንጋዮች ወዳሉበት። ከመንገዱ ዳር አንዲት እንስራ የተሸከሙ እናት ቆመው ሰዓቱን ተመለከቱና ምን እንደሆነ ጠየቁን።

«እማማ፣ የሰው መንገድ የሚጽፍ ነው» አልናቸው።

«የኔንም መንገድ ጽፏል፣ ልጄ?» አሉ።

እኛም «ይጽፋል» ብለን አለፍን። አልጻፈም።

ከተመለስን በኋላ መስመሮቹን በካርታ ላይ ስናወጣ ካርታው ያማረ ነበር። ያች አባላችን ግን ጥቂት አየችውና «ይህ እናንተ የሄዳችሁበት ነው፤ ምንጩ የት አለ?» አለች። ፈለግን፤ አልነበረም። ከምንጩ ወደ ቤት የሚወጣው ቀጥ ያለ መንገድ፣ ቡና ወደ ማጠቢያ የሚወርድበት አቋራጭ፣ ወፍጮ የሚኬድበት፤ ሁሉም ነጭ ወረቀት ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ የተማሪ ጥፋት ብቻ ሆኖ በቀረ። ነገር ግን የአንዱ ቀበሌ ሰዎች ከዝናቡ በፊት በማኅበር ወጥተው መንገድ ለመጠገንና በወንዙ ላይ የእንጨት መሻገሪያ ለመጣል አስበው ስለነበር ካርታችንን አሳዩን ብለውን ነበር። የመጀመሪያውን ካርታ ሰጥተናቸው ቢሆን ኖሮ ሰው የሚበዛበት መሻገሪያ ገበያ በሚኬድበት በኩል ነው ብለን በመሣሪያ ማስረጃ መሰከርን ማለት ነው። ሴቶቹ በየቀኑ እንስራ ተሸክመው የሚሻገሩበት ቦታ በካርታው ላይ ወንዝ እንኳ የማይቋረጥበት ባዶ ስፍራ ነበርና። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የጌዴኦ ዞን ሕዝብ 847,434 ሲሆን እኩሌታው ያህል ሴት ነው። እንዲህ ተጠጋግቶ በሚኖር ሕዝብ መካከል የተሳሳተ መሻገሪያ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ሰዓቱ አልዋሸም። የሄደበትን ሁሉ በትክክል ጻፈ። ያልጻፈው ያልተወሰደበትን ነው፤ ያልተወሰደበትም ምክንያት ለሚወስደው ክንድ ስላልሆነ ነው።

፭. ለሚቃወሙን መልስ

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ጥፋቱ የሰዓቱ ሳይሆን የሥራ ክፍፍላችሁ ነው፤ ወንዶቹም ወደ ምንጭ ሊሄዱ ይችሉ ነበር» ይሉናል። እውነት ነው፤ ልንሄድ ይገባን ነበር። ሆኖም ወንድ ተማሪ ባዶ እጁን ምንጭ ሄዶ ቢመለስ የሚለካው የምንጩን ርቀት እንጂ የሴቲቱን መንገድ አይደለም። እርሷ በመንገድ ላይ የት ታርፋለች፣ በዝናብ ጊዜ በየት ትዞራለች፣ ከማን ጋር ትሄዳለች፤ ይህን የሚያውቅ አብሯት የተሸከመ ሰው ነው።

ሌሎች «እንግዲያስ መካከለኛውን ግዙ፤ ባትሪውም ይበቃል፣ ሰሌዳውም ይቀንሳል» ብለው መክረውናል። ይህ ከሁሉ የሚሻል ተቃውሞ ነው፤ ብዙም አከራክሮናል። ዋጋው ከትንሹ ጋር አንድ ሆኖ 16 ግራም ብቻ ይጨምራል፤ ምዝገባውም 40 ሰዓት ይደርሳል። የሁሉም አባሎች ክንድ ከመካከለኛ በላይ የሆነበት ማኅበር ቢኖር እርሱን እንዲገዛ እንመክራለን። እኛ ዘንድ ግን ሰዓቱ ከክንድ ወደ ክንድ የሚዞር የጋራ ዕቃ ነው። የጋራ ዕቃ የሚለካው ለብዙዎች በመመቸቱ ሳይሆን ማንንም ባለማስቀረቱ ነው። ወፍራም ክንድ ትንሽ ሰዓት ቢያስር ምናልባት አያምርበት ይሆናል እንጂ ሥራው አይጎድልም፤ ትንሹ ሰዓት እስከ 182 ሚሊ ሜትር ስለሚደርስ ከእኛ መካከል ማሰሪያው ያጠረበት የለም። ቀጭን ክንድ ትልቅ ሰዓት ቢያስር ግን ልኬቱ ራሱ ይበላሻል።

የባትሪው ጉድለት ግን ይቀራል። ለዚህ መልሳችን ቀላል ነው፤ ኀይል በኪስ ይያዛል፣ ክንድ ግን አይሰፋም። ከትልቁ ዋጋ ላይ የሚተርፈው 200 ዶላር ለኀይል መያዣ ፓወር ባንክ በቂ ሆኖ ይተርፋል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንሰጣለን፤ አንዳንዱ ፓወር ባንክ የሚወሰድበት ኀይል ጥቂት ሲሆን ሥራ የለኝም ብሎ ራሱን ያጠፋል። ማታ ሰክቶ የተኛ ተማሪ ጠዋት ባዶ ሰዓት እንዳያገኝ ከመነሣቱ በፊት በቤቱ ይሞክረው።

አምራቹንም ሳንነቅፍ አናልፍም። ትልቅ ባትሪ ትልቅ ሰሌዳ እንደሚፈልግ እናውቃለን፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው። ግን በሠንጠረዡ ላይ «ትንሽ» የሚለው ሁልጊዜ «የጎደለ» ማለት ሆኖ ይታያል፤ ፀሐይ የማይቀበል፣ በቀላል ዋጋ የሚገኝ ትልቅ ሰሌዳም አላቀረበም። የአንጓን ዙሪያ ብቻ ሰጥቶ የመቀመጫውን ስፋት አለመናገሩም ገዥን ያሳስታል። አንድ መስመር ቢጨምር ብዙ ሰው ከስሕተት ይድን ነበር።

ልክ የሆነ ነገር ምን እንደሚያደርግ ከአገራችን ስፖርት ታሪክ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። አበበ ቢቂላ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በባዶ እግሩ ያሸነፈው፣ የቀረበለት ጫማ ለእግሩ ስላልተስማማው ነው ተብሎ ይነገራል። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ግን በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሸንፏል። ከዚህ የምንማረው ባዶ እግር ከጫማ ይሻላል ወይም ጫማ ከባዶ እግር ይሻላል የሚለውን አይደለም። የማይስማማ ጫማ ከሁለቱም ያንሳል የሚለውን ነው።

፮. ማጠቃለያ

ከላይ በተዘረዘሩት ምክንያቶች የመጀመሪያ ውሳኔያችንን ሽረን ባለ 42 ሚሊ ሜትሩን፣ የፀሐይ መቀበያ የሌለውን፣ ከአንድ ፓወር ባንክ ጋር ለመግዛት ወስነናል። በዚህ ምርጫ የምናጣውን እናውቃለን፤ ሰፊውን ገጽና ረጅሙን የባትሪ ጊዜ እናጣለን። ያጣነውን በጥንቃቄ ልንተካው እንችላለን። ያልተለካ ሰው መንገድ ግን በምንም አይተካም።

ተመሳሳይ ሥራ ለሚጀምሩ ተማሪዎች የምንሰጠው ምክር እንደሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ሠንጠረዥ ከማንበባችሁ በፊት የሁሉንም አባሎች አንጓ ለኩ፤ ዙሪያውን ብቻ ሳይሆን የላይኛውን ስፋትም። ሁለተኛ፣ የሚገዛውን መጠን ከሰው ተውሳችሁ ከሁሉ ቀጭን ክንድ ያላት ወይም ያለው አባል፣ ሸክም ተሸክሞ፣ ሙሉ ቀን ይሰርበት። ሦስተኛ፣ ከፍታን ጨምሮ የሚያሰላውን ምርጫ ክፈቱ፤ የዝናብ ጊዜ ገጹን በጣት ከመንካት ይልቅ በቁልፎቹ ተጠቀሙ፤ ሰዓትን በማስታወሻ ስትጽፉ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አመልክቱ። አራተኛ፣ የመጀመሪያው ካርታ ሲወጣ ያለውን ከማድነቃችሁ በፊት የሌለውን ጠይቁ።

የእኛ ካርታ አሁን ገና ግማሹ ነው። ትንሹን ሰዓት እስክናገኝ ድረስ ሴቶቹ አባሎቻችን ከአንድ ሯጭ ጓደኛችን አነስ ያለ ሰዓት ተውሰው ወደዚያው ቀበሌ ተመልሰው ነበር፤ የምንጩም መንገድ ከነመሻገሪያው በወረቀቱ ላይ ገብቷል። ለቀበሌው ሰዎች የሰጠናቸው ሁለተኛውን ካርታ ነው። መሻገሪያውን የት እንደሚጥሉ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው፤ አሁን ግን ሁለቱንም ቦታ እያዩ ይወስናሉ።

በዚህ ጽሑፍ የተሳሳትንበት ወይም ያጎደልነው ነገር ቢኖር አንባቢዎቻችን እንዲያርሙን በትሕትና እንለምናለን።